አሥራ አንድ ቀን የያዝኩት መርዶ

ይህን የምጽፈው አዝናችሁልኝ «አይዞሽ» እንድትሉኝ አይደለም። በዚያን ጊዜ የነበረችውን አስቴር ብታገኟት አትወዷትም ነበር። እኔም አልወዳትም። ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት የምትቆም፣ ጾም የማትገድፍ፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ ሴት ነበረች። «አስቴር ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ይባልላት ነበር። ይህንንም ስትሰማ አልሰማሁም ትላለች እንጂ አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም።

ጊዜው የስልክ ካርድ እየፋቅን አዲስ አበባ የምንደውልበት፣ በፈረንጆቹ 2005 አካባቢ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ክሪስታል የምትባል ከተማ፣ የምሠራው ዌስት ሴንት ፖል ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ታክሲ ይነዳል። እናታችን ስትሞት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ ወንድሜም ልጄም እሱ ነው።

ሚስት የመረጥኩለትም እኔው ነኝ። ሕይወት ትባላለች። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ ፊት ቁጭ ብዬ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ብዬ ቃል ገባሁ። የመኖሪያ ወረቀቱ ፕሮሰስ ዓመት ፈጀ። መጣች፤ ደግሰን ዳርናቸው። በመጣች በሰባተኛው ወር ግን አንድ ሻንጣ ይዛ ከወንድሜ ቤት ወጣች። ለምን እንደወጣች አልተናገረችም። ዳዊትም አልተናገረም። ሦስት ሳምንት መኝታ ክፍሉን ዘግቶ ሥራ ሳይገባ ተኛ። ምግብ በር ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ስመለስ እዚያው ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ።

እኔ ምክንያቱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ለወረቀት ነው ያገባችው» አልኩ። መጀመሪያ ለአንዲት ጓደኛዬ፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ በኋላ ከቅዳሴ መልስ ለጠየቀኝ ሁሉ። አንድ ቀን ከአንድ ሰውዬ መኪና ስትወርድ አየኋት፤ ያንንም ጨመርኩበት። ሰውዬው ማን እንደሆነ አላጣራሁም። በሁለት ወር ውስጥ ሰላም የሚላት ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ በሩ አጠገብ ትቆምና ቅዳሴው ሳያልቅ ትወጣለች። ከፊት ቆሜም ቢሆን መውጣቷን አውቅ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ብርድ ይገባላ። ያን ብርድ በጀርባዬ ስቀበል አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ተረቱን ሁሌም ለሌላ ሰው እንጂ ለራሴ ተርቼው አላውቅም።

የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ስልክ ተደወለ።

«ወይዘሮ አስቴር ነዎት? ታደሰ ነኝ፣ የሕይወት አጎት።»

«አቤት ጋሽ ታደሰ፣ ደኅና ነዎት?»

«ምን ደኅንነት አለ። ወንድሜ ዐረፈ። ትናንት ቀበርነው። ልቡ ነው አሉን። ልጅቷን የሰጠነው ለእርስዎ ነው። ሰው ሰብስበው እንደ ደንቡ መርዶውን ይንገሩልን። ብቻዋን እንዳትሰማ አደራ። እናቷ ይህን ብቻ ነው የምትለው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕይወት ከዳዊት መለየቷን ለቤተሰቧ አልተናገረችም። እነሱ ዘንድ ገና የወንድሜ ሚስት ነበረች።

«ሰው ልሰብስብና አሳውቅዎታለሁ» አልኩት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚያጽናና ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ እስከዚያ ድረስ ሁሉም አፉን ይዞ ይቆያል። ደንቡን ያወጡት ደጎች ናቸው። እኔ ግን ስልኩን እንደዘጋሁ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው እስኪሰበሰብ ዝም ማለት ይቻላል። የዘገየሁ እንደሆነ ማንም አይወቅሰኝም፤ ደንብ ነው። አባቷ አፈር ገብቶ እሷ ትሳቅ፣ ትኳል፣ ትቀባባ። ወንድሜ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ እሷ ከተማውን ስትዞርበት አልነበረም? በኋላ ስትሰማ የሳቀችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ትቁጠራቸው። እንደዚህ ነው ያሰብኩት፤ በዚህ ልክ፣ በእነዚህ ቃላት።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሮበርት ስትሪት ላይ ያለ አንድ ልብስ ቤት ገባሁ። የወንዶች ጃኬት መደርደሪያ ጋ ቆማለች። ዞር ብላ አየችኝ፤ ልትሸሽ አሰበችና መልሳ ቆመች።

«እትዬ አስቴር፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና» አልኩ። ከስንት ወር በኋላ የመለስኩላት የመጀመሪያ ቃል ነው። ፊቷ ፈታ አለ።

«ለአባዬ ነው። ሰኞ የሚሄድ ሰው አገኘሁ። ጠዋት ሲሳለም ይበርደዋል። አንቺ አይተሽዋል፣ ይሄ ይበቃዋል?»

ጃኬቱን ተቀበልኳት። ትከሻውን በእጄ ለካሁ። እጀታውን ጎተት አድርጌ አየሁ። «ይበቃዋል» አልኩ።

«ግራጫው ይሻላል ጥቁሩ?»

«ጥቁሩ» አልኳት።

ስላነጋገርኳት በጣም ደስ ብሏት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ሁለት ጊዜ እጅ ነሳችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ሳቅኩ። ይህን ዘልዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ስቄያለሁ።

ጋሽ ታደሰ በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ደወለ። «ሰው አልተመቸኝም» አልኩት። «ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ የአሜሪካን ነገር ያውቁታል። ደግሞ አንዳንዱ እንቢ አለኝ።» ስንት ሰው እንቢ እንዳለኝ ልንገራችሁ? አንድም። አንድም ሰው አልጠየቅኩማ።

በአሥረኛው ቀን ግን ሌላ ስስት ያዘኝ። መደበቁ ብቻ አልበቃ አለኝ። ስትሰማ ፊቷን ማየት አማረኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገራት ደግሞ ያ ፊት ያመልጠኛል። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ለጋሽ መንገሻ ደወልኩ። ጋሽ መንገሻ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ፣ የተጣላ ሲኖር የሚያስታርቅ፣ የሞተ ሲኖር መርዶ የሚነግር ሽማግሌያችን ነው። «ዛሬ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ» ብዬ ዋሸሁት። «ለእሷ?» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስንት ሰዓት ልውጣ?» አለኝ።

ለእማማ ውድነሽም ደወልኩ። እማማ ውድነሽ የማታለቅስበት ለቅሶ የለም። «ወይኔ ልጄን» አለችኝ። ልጄን! ተናደድኩ። ይህን ያህል ወር ስለ ሴትዮዋ የነገርኳቸው ሁሉ የት ገባ አልኩ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችን ሲዋርድ ሰፈር ሕይወት ከምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ ተገናኘን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁላችንም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ኮት ለብሰናል። አገር ቤት ቢሆን መርዶ ነጋሪ ከሩቅ ይታወቃል፤ ጥቁሩ ይናገራል፣ የተዘቀዘቀው ነጠላ ይናገራል። የእኛ ጥቁር ግን በኮታችን ተሸፍኖ ነበር። ይህን ያሰበ አልነበረም።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን አንኳኳን። ሕይወት የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጫማዋን በአንድ እግሯ አድርጋ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ጋሽ መንገሻን አየች። ቀጥላ እማማ ውድነሽን። በመጨረሻ እኔን።

«እትዬ አስቴር» አለች። «መጣሽልኝ?»

ምን እንደመሰላት የገባኝ እግሬ ላይ ስትወድቅ ነው። አስታራቂው ሽማግሌ፣ ትልቋ እናት፣ የተጣላቻት የባሏ እህት፣ በማለዳ። እርቅ መስሏት ነው። ቡትስ ጫማዬ በረዶ ነበረበት፤ ግንባሯን በረዶው ላይ አደረገች።

«ይቅር በሉኝ። ቀድሜ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስንት ቀን በርሽ ድረስ መጥቼ ፈርቼ ተመልሻለሁ። ስለት ነበረብኝ እኮ፤ እትዬ ሰላም ካለችኝ ብዬ። ባለፈው ሱቅ ውስጥ ስታነጋግሪኝ ነው ተስፋ ያደረግኩት።»

ጋሽ መንገሻ ወደ እኔ ዞረ። ጎንበስ ብሎ አነሳት፤ «ተነሺ ልጄ፣ ተነሺ» ብቻ ይላል።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ያሏትን ሁለት ወንበሮች ሳበች፤ ለእኔ አልጋዋን አነጠፈችልኝ። «ኮታችሁን ስጡኝ፣ ሂተሩ እኮ ያቃጥላል። ዛሬ ሥራ አልገባም፣ ደውዬ ኮል ኢን አደርጋለሁ። ቁርስ ሳትቀምሱ ምንም አትነግሩኝም።»

ማንም ኮቱን አልሰጣትም። እማማ ውድነሽ የኮቷን አንገት በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ሕይወት ብርዱ አልለቀቃቸውም ብላ መሰለኝ ሂተሩን ከፍ አደረገችና ወደ ምድጃው ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን እንቁላል ትሰብራለች፤ ከራሷ ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እንዴት አድርጌ ልንገራት?» አለኝ ጋሽ መንገሻ በሹክሹክታ። «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ትንሽ ትረጋጋ። ትብላ እንኳ። ቀስ ብዬ እጀምረዋለሁ።»

የእኔን ልብ ልንገራችሁ። አላዘነም። ደስታዋ አናደደው። ማን ይቅር አለሽና ነው የምትስቂው አልኩ በሆዴ። ይቅርታዬን ሳልሰጣት ወስዳ በላችው። አሥራ አንድ ቀን ያደለብኩት በቀል በአንድ መጥበሻ እንቁላል ሊበላሽብኝ ነው። ተነስቼ ቆምኩ። ኮቴ አራት ቁልፍ ነበረው። አንዱን ፈታሁ። ጋሽ መንገሻ «አስቴር» አለኝ በቀስታ። ሁለተኛውን ፈታሁ።

ሕይወት ሳህን ይዛ ዞረች። ኮቴን ላወልቅ መሆኑን ስታይ ደስ አላት። ሳህኑን አስቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ። «በይ እትዬ፣ ስጪኝ ልስቀልልሽ።»

ከፈትኩት። ከአንገቴ እስከ እግሬ ጥቁር።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ማነው?» አለች። «እናቴ ናት?»

«አባትሽ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። ጋሽ መንገሻ በሃያ ቃል አለዝቦ ሊነግራት ያሰበውን በአንድ ቃል ጣልኩባት።

ልየው ብዬ የመጣሁትን ፊት አየሁት። ቅንጣት ደስታ አልተሰማኝም ብዬ ብነግራችሁ እናንተም እኔም ቀለል ይለን ነበር። እውነቱ ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ተሰምቶኛል። ከዚያ ጮኸች፤ ደስታውም በዚያው ጠፋ። እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም፤ በማንም ላይ።

እማማ ውድነሽ ኮቷን ወርውራ አቀፈቻት። ሕይወት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትመታለች። «አባዬ፣ ለማን ነው የላክሁት? ይበቃዋል ብለውኝ፣ ጥቁሩ ይሻላል ብለውኝ፣ ለማን ነው የላክሁት አባዬ?» ጋሽ መንገሻ ስለ ምን እንደምታወራ አልገባውም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ትንሽ ስትበርድ «እናቴን አገናኙኝ» አለች። ጋሽ መንገሻ ከኪሱ ካርድ አውጥቶ ፋቀና ደወለላት። ከእናቷ ጋር ተላቀሱ። ቀጥሎ አጎቷ ስልኩን ተቀበለ። ያን ጊዜ ለቅሶዋ በአንዴ ቀጥ አለ።

«ማክሰኞ?» አለች። «የትኛው ማክሰኞ?»

ዓይኗን ቀና አድርጋ እኔን አየች።

«እሑድ ስደውል ለቀስተኛ ነበር? አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል ስትለኝ? ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝታችሁ ነው እማዬ ያዋራችኝ?» የምትናገረው ለአጎቷ ነው። የምታየው ግን እኔን ነው።

ጋሽ መንገሻ በቤተሰቦቿ መናደድ ጀመረ። «እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው? ሰው ሞቶ ይህን ያህል ቀን አፍነው ይዘው ለአስቴር ትናንት ይነግሯታል? ስጪኝ እስቲ ስልኩን፣ እኔ ልውቀሳቸው።» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረው። ጋሽ ታደሰ ለጋሽ መንገሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ፣ ቅዳሜን ሳይሻገር ከክሪስታል እስከ ዌስት ሴንት ፖል ያልሰማ ሐበሻ አይኖርም። አስቴር፣ ከፊት የምትቆመዋ። እኔ ይህን እንዴት እንደሚደረግ በደንብ አውቃለሁ፤ በእሷ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሕይወት የተዘረጋውን እጅ አየች፤ መልሳ እኔን አየች።

«ተዋቸው ጋሼ» አለች። «ግራ ገብቷቸው ነው። ትናንት ነው አሉ የነገሯት።»

ስልኩንም አጎቷ እያወራ ዘጋችው።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በእኔ ወሬ የሸሿት ሁሉ መጡ። የመጣው ሁሉ «መቼ ሰሙ?» ይላል፤ እሷም ለሁሉም ያንኑ ትመልሳለች። «ለእትዬ አስቴር ዓርብ ነገሯት፤ ቅዳሜ በማለዳ መጣችልኝ።» ሰዎች ወደ እኔ እየዞሩ «አንቺማ» ይሉኛል፤ «ያን ሁሉ በድላሽ።» በሁለተኛው ቀን ዳዊት ሳልጠራው መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ። በኋላ ኮሪደር ላይ ይዤው «እንዴት ቻልክ?» አልኩት። «የጠላሻት አንቺ ነሽ» አለኝ። «እኔ መቼ ጠላኋት?»

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል ዕቃ ማጠቢያው ጋ ብቻችንን ሆንን። «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። አላልኩሽም። እችል እንደሆነም አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ መኖር ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «አንቺን እንኳ እዚያ አልከትም።»

ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች።

የመጀመሪያ ስሜቴ ምስጋና እንዳይመስላችሁ። ተናድጄባት ነበር። ብትሰድበኝ፣ ሰው ፊት ብታዋርደኝ እመልስላት ነበር። በቀል የለመደ ሰው ገመናው ሲሸፈንለት የሚያደርገው ይጠፋዋል። ንዴቱ ማፈር እስኪሆን ብዙ ወር ፈጀብኝ። ንስሐ ገባሁ። «ለወረቀት ነው» ብዬ የነገርኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ «ዋሽቼ ነው፤ ለምን እንደወጣች አላውቅም» አልኳቸው። ወሬው ሲወጣ የሮጠውን ያህል ሲመለስ አልሮጠም። ገሚሱ «ትሕትናሽ ነው» አለኝ። የአሥራ አንዱን ቀን ነገር ግን ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም።

ለምን ነበር የወጣችው ብላችሁ የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ትክክል ነበረች ልላችሁም አልችልም። ግን ለምን እንደምንጠይቅ ልብ በሉ። ምክንያቷ ከጣመን ልናዝንላት፣ ካልጣመን ልንፈርድባት አይደለም? በዚያ ማለዳ ሕይወት አባቷ የሞተባት ሰው ነበረች። ለእኔ ይህ በቂ መሆን ነበረበት። ኃጢአተኛ ናት ብዬ ስጠብቃት ከኖርኩት ሴት ላይ በዓይኔ ያየሁት ኃጢአት የለም። የራሴን ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እያየሁ ሠራሁት።

ዛሬም ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ሰው ባለበት ቀድማ ሰላም ትለኛለች፤ «እትዬ» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ፓርኪንጉ ውስጥ ብቻችንን ተገናኘን። ሰላም ልላት ቆምኩ። አላየችኝም፤ በአጠገቤ አልፋ የመኪናዋን በር ከፈተች። ወዲያው ጋሽ መንገሻ ከአዳራሹ በትሩን ይዞ ብቅ አለ። ሕይወት አየችው። በሩን መልሳ ዘግታ መጣችና ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ።

ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የማስነብበው ጋሽ መንገሻን ነው። ከዚያ በኋላ ልትስመኝ አትገደድም።